ቦርሳ ይዘህ ወደ ቱር ከመውጣትህ በፊት፦ ለአዲስ የጎልፍ ካዲ

"ስንት ነው?" አለኝ።

"148" አልኩት።

ዓርብ ከሰዓት ነበር፤ የጎልፍ ተጫዋች ቦርሳ የምሸከምና የምመክር ካዲ ሆኜ የመጀመሪያ ዓመቴ ስድስተኛው ውድድር። ተጫዋቼ ሁለት ጉድጓድ ቀርቶታል። ቅዳሜና እሁድ ለመጫወት ከሚያስፈልገው ውጤት በአንድ ምት ይሻላል። ዱላውን መረጠ፣ መታ። አመታቱ ምንም እንከን አልነበረውም። ኳሷ ግን ጉድጓዱ ካለበት የታጨደ ሣር፣ ከግሪኑ፣ ፊት ያለው ውሃ ውስጥ ገባች።

እጄ ላይ የነበረው ወረቀት በሜትር ነበር። እኛ ደግሞ ስድስት ሳምንት ሙሉ በያርድ ነበር የምንነጋገረው። 148 ሜትር ማለት 162 ያርድ ነው። እያንዳንዱ ዱላ የራሱ ርቀት አለው፤ የ14 ያርድ ልዩነት አንድ ዱላ ሙሉ ነው፣ እንዲያውም ይበልጣል። እዚያ ጉድጓድ ላይ ሁለት ምት አጣን፤ ከቱ፣ ቅዳሜና እሁድ የሚያጫውተው ውጤት፣ ደግሞ በአንድ ምት አመለጠን። ሰውዬው አልጮኸብኝም። ወደ መኪናው ስንሄድ ብቻ "እስቲ ወረቀቱን" አለና ግርጌው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈችውን "ሜትር" የምትል ቃል በጣቱ ነካ አደረጋት። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

ይህን የምነግርህ ካዲነት የጉልበት ሥራ ብቻ መስሎህ እንዳትገባ ነው። ቦርሳውን ማንም ይሸከመዋል። አንተ የምትሸከመው ቁጥር ነው፤ ርቀት፣ ሰዓት፣ የዱላ ብዛት፣ የውጤት ካርድ፣ የሳምንቱ ወጪ። ተጫዋቹ እነዚህን ማሰብ ካቆመ ሥራህን ሠርተሃል።

መጀመሪያ ሒሳብ

በቴሌቪዥን የምታያቸው ውድድሮችና አንተ የምትሄድበት ቱር፣ ማለትም ከቦታ ቦታ የሚዞረው ተከታታይ ውድድር፣ አንድ ዓይነት ጎልፍ ነው፣ አንድ ዓይነት ኑሮ ግን አይደለም። ክልላዊ ቱር ማለት ወደ ላይ መውጫ መሰላል ነው። ብሩክስ ኬፕካ ዛሬ ሜጀር የሚባሉትን ታላላቅ ውድድሮች አምስት ጊዜ ያሸነፈ ሰው ነው። ከዚያ በፊት ግን በአውሮፓ ቻሌንጅ ቱር ላይ ከአገር አገር ሲንከራተት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ ሲዝን ሦስት ጊዜ አሸንፎ ነው ወደ ዋናው የአውሮፓ ቱር የተሻገረው። መሰላሉ ይሠራል ማለት ነው። ግን አብዛኛው ሰው መሰላሉ ላይ ነው የሚኖረው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። አንድ ውድድር ብዙ ጊዜ አራት ቀን ነው፤ በትንንሾቹ ቱሮች ሦስት ቀንም ይሆናል። ከሁለት ዙር በኋላ፣ ማለትም ከ36 ጉድጓድ በኋላ፣ የተጫዋቾቹ ቁጥር ይቆረጣል። ከት የሚሉት ይህንን ነው። ከላይ ያሉት ሃምሳ ወይም ስድሳ ገደማ ሰዎች፣ እኩል ውጤት ካላቸው ጋር፣ ይቀጥላሉ። የቀረው ባዶ እጁን ወደ ቤቱ ይሄዳል። የመመዝገቢያውን ከፍሎ፣ የአልጋውን ከፍሎ፣ ሁለት ቀን ተጫውቶ፣ ምንም።

ያለፈውስ? ጠቅላላ ሽልማቱን መቶ እንጀራ አድርገህ ቁጠረው። አሸናፊው ከ15 እስከ 18 ድረስ ይወስዳል። ሃምሳኛ የወጣው አንድ ሙሉ እንጀራ አይደርሰውም። ከዚያች ቁራሽ ላይ ነው አንተ ድርሻህን የምትጠብቀው።

በሙያው የተለመደው ስምምነት ይኸው ነው፦ ቋሚ የሳምንት ክፍያ፣ ከዚያ ከሽልማቱ ላይ ከቱን ካለፈ 5 በመቶ፣ ከአሥሩ ውስጥ ከገባ 7፣ ካሸነፈ 10። ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው። በትንሽ ቱር ላይ ቋሚው ክፍያ ሊያንስ ይችላል፤ አንዳንዱ ተጫዋች አልጋና ትራንስፖርት ይችልልህና ጥሬ ገንዘቡን ይቀንሳል። ምንም ይሁን ምን ከመጀመሪያው ውድድር በፊት ተቀምጣችሁ ጻፉት። ከቱ ካመለጠ ስንት? ውድድሩ በዝናብ ከተሰረዘ ስንት? አልጋውን ማን ይከፍላል? ይሉኝታ ይዞህ ዝም ካልክ አራተኛው ሳምንት ላይ ታኮርፋለህ። ያኮረፈ ካዲ ደግሞ ከሩቅ ይታወቃል፤ ቦርሳውን የሚያስቀምጥበት ድምፅ ይለያል።

የኔ ምክር፦ ከሽልማት የሚገኘውን ከዜሮ ቁጠረው። ቋሚው ክፍያ ብቻውን ካላኖረህ አትሂድ። ይህን የምለው በመጀመሪያው ወር ላልመጣ ገንዘብ ዕቅድ አውጥቼ የተቃጠልኩ ሰው ስለሆንኩ ነው።

ማክሰኞ የሚሠራው ሥራ

ውድድሩ ሐሙስ ይጀመራል። ያንተ ሥራ ግን ማክሰኞ ነው፤ ካልሆነም ሰኞ ማታ። ሜዳውን ብቻህን ሂድበት፣ ተጫዋቹን ሳትይዝ። እኔ የምሄደው ከኋላ ወደ ፊት ነው። ግሪኑ ላይ እቆምና ወደ መምቻው፣ የመጀመሪያው ምት ወደሚመታበት ቦታ፣ ዞሬ አያለሁ። ከመምቻው ስትቆም ዲዛይነሩ እንድታይ የፈለገውን ነው የምታየው። ከግሪኑ ስትቆም የተደበቀው ሁሉ ይወጣል፤ ከባንከሩ፣ ከአሸዋው ወጥመድ፣ ጀርባ ያለው ሰፊ ሜዳ፣ ቀጥ ያለ የሚመስለው ፌርዌይ፣ ከመምቻው ወደ ግሪኑ የሚወስደው የታጨደ ሜዳ፣ ወደ ቀኝ መዝመሙ።

ያርዴጅ ቡክ የሚባለውን የርቀት ደብተር አብዛኛው ቱር ላይ ታገኛለህ። የታተመውን ነገር አምነህ አትቀመጥ። የምትጽፍበት የራስህ ጥያቄ አንድ ነው፦ "ኳሷ ከጠፋች የት ብትጠፋ ይሻላል?" በእያንዳንዱ ግሪን ላይ ሊኬድበት የማይገባውን ጎን እኔ በቀይ እቀባዋለሁ። ሐሙስ ጠዋት ነፋስ ሲነሳ፣ ልብ ሲመታ፣ ያ ቀይ ቀለም ሰዓት ይቆጥባል። አንድ ነገር ግን ጠይቅ፦ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ቱሮች የግሪኑን ተዳፋት በዝርዝር የሚያሳዩ ካርታዎችን የሚከለክል ደንብ እንዲያወጡ ተፈቅዶላቸዋል። ውድድሩ ያጸደቀው ደብተር የትኛው እንደሆነ እወቅ።

እርምጃህን ለካ። ቀልድ አይደለም። 20 ሜትር በገመድ ለክተህ ስንት እርምጃ እንደሚወስድብህ ቁጠር። እኔ ጠዋት ስሄድና ከሰዓት ደክሞኝ ስሄድ እርምጃዬ እኩል አልነበረም። 15ኛው ጉድጓድ ላይ ስደርስ አጠር ይላል። ስለዚህ ከሰዓት ከርቀት ምልክቱ እስከ ኳሷ የቆጠርኩትን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ አያለሁ።

የባንዲራውን ቦታ የሚነግርህ የፒን ወረቀት በየዕለቱ ጠዋት ይሰጥሃል። ለምሳሌ 22 እና 5 ቀኝ ካለ ባንዲራው ከግሪኑ ፊት 22 ወደ ውስጥ፣ ከቀኝ ጠርዝ ደግሞ 5 ነው ማለት ነው። 22 ምን? ያርድ? ሜትር? እርምጃ? እኔ ዛሬም ወረቀቱ እጄ እንደገባ መጀመሪያ የማየው ግርጌውን ነው፤ ከዚያ መልሱን በእርሳስ ራስጌው ላይ በትልቁ እጽፈዋለሁ። ርቀት የሚለካ መሣሪያ በሕጉ ይፈቀዳል፣ ግን ውድድሩ ሊከለክለው ይችላል፤ ብዙ ፕሮፌሽናል ውድድሮችም ይከለክላሉ። ከተፈቀደም ዳገትና ቁልቁለትን የሚያሰላው ክፍል መጥፋት አለበት።

ከፍታም አለ። ክልላዊ ቱር አንዱን ሳምንት ባሕር ዳርቻ፣ ሌላውን ተራራ ላይ ያጫውትሃል። አየሩ ሲሳሳ ኳሷ ትርቃለች። 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 6 በመቶ ገደማ ነው። 150 ያርድ የሚመታበት ዱላ 159 ይሆናል ማለት ነው። ተጫዋቹ ይህን በስሜት ያውቀዋል፤ አንተ በቁጥር እወቀው። ማክሰኞ ዕለት ልምምድ ላይ አምስት ዱላ አስመትተህ ጻፍ። ብርድ ደግሞ ተቃራኒውን ያደርጋል፤ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚመታውና ቀትር ላይ የሚመታው ኳስ እኩል አይሄድም።

ቦርሳው

ዱላ ቢበዛ 14 ነው፤ 15 ከሆነ ቅጣት ነው። ይህን ሁሉም ሰው ያውቃል። ታዋቂው ተጫዋች ኢያን ዉስናምም ካዲውም ያውቁ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2001 ነው፣ ሮያል ሊትም ላይ የተደረገው የብሪታንያ ኦፕን የመጨረሻ ቀን። ዉስናም በመሪነት እኩል ከነበሩት አንዱ ነበር። የመጀመሪያው ጉድጓድ አጭር ነው፣ ፓር 3፣ ማለትም በሦስት ምት ይጨረሳል ተብሎ የሚጠበቅ፤ አይረን በሚባለው ዱላ መታና ኳሷን ባንዲራው ሥር አስቀመጣት። በርዲ፣ ከፓሩ አንድ ምት ያነሰ። ሁለተኛው መምቻ ላይ ደረሱ። ካዲው ቦርሳው ውስጥ ሁለት ድራይቨር፣ ለሩቁ ምት የሚያዘውን ረጅሙን ዱላ፣ አየ። ዉስናም ልምምድ ላይ ሁለቱን ሲሞክር ነበር፣ አንዱ ሳይወጣ ቀረ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ድራይቨር ቢፈልግ ኖሮ መምቻው ላይ ይታይ ነበር። አጭር በመሆኑ አመለጣቸው። ሁለት ምት ተቀጣ፤ በመጨረሻ ሦስተኛነቱን ከሌሎች ጋር ተጋርቶ ወጣ።

ሕጉ ትርፍ ዱላ ይዘህ ለተጫወትክበት ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ሁለት ምት ይቀጣሃል፤ በአንድ ዙር ከአራት አይበልጥም። እኔ ሦስት ጊዜ እቆጥራለሁ፤ ማታ ክፍል ውስጥ፣ ከልምምድ ሜዳ ስወጣ፣ አንደኛው መምቻ ላይ። በዓይን አይደለም፣ እያንዳንዱን በእጄ እየነካሁ። መምቻው ላይ ሰው ያየኛል፤ ይየኝ።

የቀረውን በአጭሩ። ሁለት ፎጣ፣ አንዱ ግማሹ የረጠበ፣ አንዱ ደረቅ። ጓንት በላስቲክ ከረጢት ውስጥ። ሁለት እርሳስ፣ ምክንያቱም አንዱ ይሰበራል። ፕላስተር። ውሃና የሚበላ ነገር፣ የሱ ብቻ ሳይሆን ያንተም። ኳስ ላይ ግን ቆም በል፦ ብዙ ፕሮፌሽናል ውድድሮች ተጫዋቹ ዙሩን በጀመረበት የኳስ ዓይነትና ሞዴል እንዲጨርስ ያስገድዳሉ። ሩቅ ቦታ ሄደህ የሱ ሞዴል ሱቅ ውስጥ ካልተገኘ ከዚያ በኋላ የሚያድንህ የለም። ለዙሩ ዘጠኝ ይዤ እወጣለሁ።

ዝናብ ከመጣ ደረቁን ፎጣ ጃንጥላው ውስጥ፣ ሽቦው ላይ ስቀለው። የዱላ መያዣዎች ከረጠቡ ዙሩ አለቀ። አንተ ብትረጥብ ግድ የለም።

በቴሌቪዥን የምታየውን ትልቅ ቦርሳ ደግሞ እንዳያሸክምህ ለምነው። ሞልቶ 20 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ አንድ ዙር ደግሞ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ያስኬድሃል፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ቀላል ቦርሳ፣ ሁለት ጥንድ ጫማ በየቀኑ እየቀያየርክ። አንድ ጥንድ ጫማ ይዤ ነበር የጀመርኩት። ስለ ተረከዜ ባልናገር ይሻላል።

ዙሩ ሲጀመር

የመምቻ ሰዓት ሐሙስ 7:40 ከተባለ 7:40 ነው። እስከ አምስት ደቂቃ ካረፈደ ሁለት ምት ይቀጣል፤ ከዚያ ካለፈ ከውድድሩ ይወጣል። ዉስናም ያን ካዲ ስለ ዱላው አላባረረውም። ያባረረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ ስካንዲኔቪያን ማስተርስ ላይ ካዲው እንቅልፍ ጥሎት ሳይመጣ ሲቀር። ሁለት ማንቂያ ሰዓት ሙላ፣ አንዱ ከአልጋህ ርቆ ይቀመጥ።

ኳስ ስትጠፋ መፈለጊያው ሦስት ደቂቃ ነው። እስከ 2018 እ.ኤ.አ. አምስት ነበር፤ የድሮ ሰዎች ዛሬም አምስት ይመስላቸዋል። ፍለጋው እንደተጀመረ ሰዓትህን ተጫን። ተጫዋቹ ለመምታት እግሩን ማስተካከል ሲጀምር ደግሞ ከኋላው፣ ኳሷ በምትሄድበት መስመር ላይ፣ አትቁም። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ክልክል ነው። ካዲ ሲሳሳት ደግሞ የሚቀጣው ተጫዋቹ ነው።

ወሬን በተመለከተ። ቁጥር ስትሰጥ በአንድ ቅደም ተከተል ስጥ፣ ሁልጊዜ ያንኑ። እኔ እስከ ግሪኑ ፊት፣ እስከ ባንዲራው፣ ከዚያ ነፋስ እላለሁ። ሌላ አልጨምርም። "ግራ በኩል ውሃ አለ" አትበል። ውሃውን እሱም አይቶታል። የምትለው ዒላማውን ነው፤ "የደረቀው ዛፍ ቀኝ ቅርንጫፍ" በለው። ከጠየቀህ ደግሞ አትወላውል። "ስድስት ቁጥር ዱላም ይሆናል፣ ሰባትም" የሚል ካዲ እንደሌለ ይቆጠራል። ተሳስተህ "ሰባት ነው" ማለት ይሻላል፤ ቢያንስ ሰውየው በሙሉ ልብ ይመታል።

ከቦጊ፣ ማለትም ከፓሩ አንድ ምት ከበለጠ ጉድጓድ፣ በኋላ እስከሚቀጥለው መምቻ ዝም። ከዚያ ስለ ሌላ ነገር። ስለ ምን ማውራት እንደሚወድ በመጀመሪያው ሳምንት እወቅ። የኔው ሰው ቤቱ ርግብ ያረባ ነበር። ስለ ርግብ አንድም ነገር አላውቅም ነበር፤ አሁን ስንት ቀን እንደሚታቀፉ ብትጠይቀኝ እመልሳለሁ። አሥራ ስምንት ገደማ። የአንዷን ስም ስጠራለት ትከሻው ወረድ ይላል። ከየትኛውም የስሜት መምህር ንግግር በላይ ይሠራ ነበር።

ዓርብ ከሰዓት ውጤቱ ከከቱ አጠገብ ሲሆን ይነገረው ወይስ አይነገረው? ይህን ሰኞ ዕለት ተስማሙበት። ትልቅ ሰሌዳ በየሜዳው የለም፤ ስልክ የምታየው አንተ ነህ። አንዳንዱ ማወቅ ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ካወቀ እጁ ይታሰራል። የኔው "ካልጠየቅኩህ አትንገረኝ" ብሎኝ ነበር። ግን ፊቴን ያነብ ነበር መሰለኝ። በኋላ ላይ ባርኔጣዬን ዝቅ ማድረግ ለመድኩ።

ዙሩ ሲያልቅ ካርዱ። በፕሮፌሽናል ውድድር የተጫዋቹን ውጤት የሚጽፈው አብሮት የሚጫወተው ነው። ተጫዋቹ አይቶ ይፈርማል። ከፈረመ በኋላ ለአንድ ጉድጓድ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ተጽፎ ከተገኘ ከውድድር ይወጣል። የበለጠ ከሆነ የበለጠው ይጸናበታል። ሮቤርቶ ዴ ቪቼንሶ እ.ኤ.አ. በ1968 ማስተርስ ላይ 17ኛውን ጉድጓድ በ3 ጨረሰ፤ አብሮት የተጫወተው 4 ብሎ ጻፈለት፤ እሱም ሳያይ ፈረመ። ያቺ አንዲት ምት ከቦብ ጎልቢ ጋር ለአሸናፊነት መለያ ጨዋታ የሚያደርስ ዕድሉን ወሰደችበት። የልደት ቀኑ ነበር ደግሞ። ስለዚህ አንተም ደብተርህ ላይ የእያንዳንዱን ጉድጓድ ውጤት ጻፍ። ፈርሞ ከመውጣቱ በፊት ጉድጓድ በጉድጓድ ያስተያይ። ድምሩን ተወው፣ ድምሩ የአዘጋጆቹ ኃላፊነት ነው። የያንዳንዱ ጉድጓድ ቁጥር ነው የሱ።

ሲዝኑ ሲረዝም

ስምንተኛው ሳምንት አካባቢ ሁሉም ነገር ይደበዝዛል። የትኛው ከተማ እንዳለህ ለማስታወስ የክፍሉን ቁልፍ ታያለህ። አራት ሳምንት ተጫውቶ አንድ ማረፍ ለእኛ ይሠራ ነበር። አምስተኛውን የጨመርን ጊዜ ሁሉ ከቱ አመለጠን። ተጫዋቹ ገንዘብ ሲያጥረው ብዙ መጫወት ይፈልጋል፤ ይህ ተፈጥሮ ነው። መዝገብህን አውጥተህ አሳየው። በደከመበት ሳምንት የወጣውና የገባው ጎን ለጎን ሲታይ ክርክር አያስፈልገውም።

ከቱ ካመለጣችሁ ዓርብ ማታ ስለ ዙሩ አታውሩ። የአልጋ ወጪ ለመቆጠብ በሌሊት መንገድ መጀመርም አይመከርም። አንዴ አድርገነው መሪው ላይ ሊተኛ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ቁርስ ላይ ደብተሩን ክፈትና ሁለት ነገር ብቻ ጠይቀው፦ የትኛውን ምት ብትደግመው ትወዳለህ? የትኛው ቁጥር የኔ ስህተት ነበር? ሁለተኛውን መጠየቅ ያማል። ጠይቀው።

የዓመቱ ደረጃ ሰንጠረዥ በነጥብ ወይም በገንዘብ ነው የሚሠራው፤ ከላይ ያሉት ጥቂቶች በሚቀጥለው ቱር የመጫወት መብት የሚሰጥ ካርድ ያገኛሉ። በአሜሪካ ኮርን ፌሪ ቱር ላይ ለምሳሌ 20 ሰዎች ናቸው። በመጨረሻዎቹ ወራት ይህን ሰንጠረዥ በየሰኞው አንተ ተመልከተው፣ እሱ አይመልከተው። ምን ያህል እንደሚያስፈልግ አስላና ያዘው። የኔው ሰው ከሚያልፉት በሦስት ደረጃ ቀርቶ ጨረሰ። በአንዱ ሳምንት አሥራ አምስተኛ ቢወጣ ይበቃው ነበር። የትኛው ሳምንት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን፤ አንስተነው አናውቅም።

ሊያባርርህም ይችላል። ብዙ ጊዜ እሁድ ማታ ነው የሚሆነው፣ በስልክ። ቂም አትያዝ። ደብተሩን ስጠው፤ ርቀቶቹ የሱን አመታት መሠረት አድርገው የተጻፉ ናቸው፣ ለሌላ ሰው አይጠቅሙም። ቅጂ ግን አስቀር፤ ሜዳዎቹ በሚቀጥለው ዓመትም እዚያው ናቸው።

እኔን አላባረረኝም። ሲዝኑ ካለቀ ከሦስት ወር በኋላ ደወለ። መጀመሪያ ስለ ርግቦቹ አወራኝ። ከዚያ ያን ውሃ ያለበትን ሜዳ አነሳ፤ የዓመቱ የመጀመሪያ ውድድር እዚያ ሊሆን ነው። ከመምቻው እስከ ውሃው ጫፍ ስንት ነበር አለኝ። ደብተሩን ፈልጌ አወጣሁና ነገርኩት።

ትንሽ ዝም አለ።

"ያርድ ነው ሜትር?" አለኝ።